የአርመኑ ካፖርት

ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ጣልያናዊው የጋዜጣ መምህራችን ሲኞር ሪናልዲ ለእያንዳንዳችን ደብተር ሰጠን። በየቀኑ ገጹ ላይ ምን የት እንዳስቀመጥንና ለምን እንዳስቀመጥን እንድንጽፍበት ነው። «ለምን ብሎ የማይጠይቅ ጋዜጣ ሠሪ ጡብ ደርዳሪ ነው» ይላል። እሱ አማርኛ አያነብም፤ አስተርጓሚው ግን ያነባል። ስለዚህ ሁለት ደብተር ሊኖረኝ ግድ ሆነ። አንዱ «ዛሬ ርዕሱን ወደ መሀል አመጣሁት» የሚለው ነው፣ እሱን አስረክባለሁ። ይኼኛው በገብስ እንስራ ውስጥ ያድራል። ሰላይም ቢሆን ገብስ ይበላልና፣ አንድ ቀን እጁን ቢሰድ ብዬ እዚህም ላይ እውነቱን ብቻ ነው የምጽፈው። ሲኞርን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ማንም ስለማይሰማኝ አንተ ነው።

እኔ ኮከቤ ሀብተ ማርያም ነኝ። እስካለፈው ወር በማተሚያ ቤቱ ወረቀት አጣፊ ነበርኩ። በተጣለ ወረቀት ጀርባ ላይ የአለቃችንን አፍንጫ ስሥል ሲኞር ከኋላዬ መጥቶ ያዘኝ። ተባረርኩ ስል ጭራሽ ከአራት ወንዶች ጋር ተማሪ አደረገኝ። ከጦርነቱ በፊት በሚስዮን ትምህርት ቤት የለቀምኳት ፈረንሳይኛ ስላለችኝ እንግባባለን።

ሥራችን ትንሽ ጋዜጣ ከባዶ ተነሥቶ መንደፍ ነው። ከትልቁ ጋዜጣ ግማሽ ታህላለች፤ ሥዕል ይበዛባታል፣ የከተማ ወሬ ይሞላባታል፣ ማንበብ የማይችለውም እንዲገዛት ትደረጋለች። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያና ከአውሮፕላን የሚበተን ብጣሽ ወረቀትም አብሯት ይወጣል። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች መምሰል አለባቸው። ዛሬ ስም አምጡ ተባልን። ሲኞር «ሁልጊዜ አዲስ ነገር ይዞ የሚመጣ ሰው በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ወሬኛ ይባላል አልኩት። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመውና ወደደው። አስተርጓሚው ሳቁን በመሀረብ ሸፈነ፤ ግን አላረመውም። ጋዜጣችን «ወሬኛው» ተባለች።

ሰኔ ፲፯፣ አርብ

ቦኖ ውኃው ዘንድ ስደርስ ሴቶቹ እያወሩብኝ ነበር። አንዷ «የሀብተ ማርያም ልጅ ከጣልያኑ ጋር ወረቀት ታጥፋለች አሉ» አለች። ሌላዋ «ወረቀት ብቻ ከሆነ ደግ» ብላ መለሰች። ተሳሳቁ። ወሬው ስለ ሌላ ሴት ቢሆን ኖሮ ከእነሱ የባሰ ጨምሬበት እሄድ ነበር። ስለ እኔ ስለሆነ ግን አመመኝ፤ እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ አቶ ተክለጻድቅ ደጃፋችን ላይ ቆሞ ነበር። የሠፈራችን ጆሮ እሱ ነው፤ ማን ማታ እንደወጣ፣ ማን እንግዳ እንዳሳደረ ለጣልያኖቹ የሚያደርስ። እኔ እስከ ዛሬ ወረቀት የማጥፍ ይመስለዋል። በዚህ ዝናብ ያንን ካፖርቱን ለብሶ እንደ ራስ ይንጎራደዳል።

ስለ ካፖርቱ መጻፍ አለብኝ። ካፖርቱ የአርመኑ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። አንገቱ ጠጉር ነው፣ ቁልፎቹ ሳንቲም ያካክላሉ፣ ከኪሱ የብር ሰንሰለት ይንጠለጠላል። ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ሰዓት የለም። ፎቶግራፍ ሊነሣ የመጣ ወንድ ሁሉ የራሱን ጋቢ አውልቆ እሱን ለብሶ ይነሣል፤ ዋጋው ውስጥ ያለ ነው። ከልደታ እስከ ጠመንጃ ያዥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሙሽራ፣ ዲያቆን፣ ነጋዴ ሁሉ በዚያ ካፖርት ውስጥ ነው ያለው። አርመኑ ሱቁን ዘግቶ አገር ሲለቅ አቶ ተክለጻድቅ ገዛው። እንግዲህ በፎቶግራፍ ሳይሆን በእግሩ የሚሄደው ባለ ካፖርት እሱ ብቻ ነው።

ወንድሜ ሚደቅሳም በዚያ ካፖርት ተነሥቶ ነበር። አባታችን ለየቅል፣ እናታችን አንድ ናት። ለአርበኞች ጥይት ያመላልሳል ብለው ከግንቦት ጀምሮ ይፈልጉታል። ከተያዘ መሰቀሉ ነው። እናታችን ከእሱ ሌላ ፎቶግራፍ አልነበራትም፤ እሱንም አቶ ተክለጻድቅ ቤታችን ሲፈተሽ ከግድግዳው አንሥቶ ለፈታሾቹ አለቃ፣ ለጣልያኑ ካፒቴን ሰጠው። እናቴ እስከ ዛሬ ምስማሩን ታየዋለች።

ሚደቅሳ የት እንዳለ እኔ አላውቅም። እናቴም አታውቅም። ማታ ማታ እንጀራ ጠቅልላ ወደ ልደታ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ለነዳያን ነው። እዚያ የቆሎ ተማሪዎቹ ጎጆ አንድ አዲስ ተማሪ መጥቷል፤ ራሱን ተላጭቶ ደበሎ ለብሷል፣ ወልደ ሚካኤል ይባላል። ትናንት ከአንድ ጓደኛው ጋር ደጃችን መጥቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ጓደኛው ቁራሽ ተሰጠው፣ ለእሱ ግን እናቴ ሙሉ እንጀራ ከነወጡ አወጣችለት። ሲራመድ ግራ እግሩን ትንሽ ይስባል። ሚደቅሳም ከበቅሎ ከወደቀ ወዲህ እንደዚያው ነበር። ዓለም በሚመሳሰሉ ሰዎች የተሞላች ናት።

ሰኔ ፳፪

ቀለም። እጄ ላይ፣ ነጠላዬ ላይ፣ አፍንጫዬ ላይ። እናቴ አየችኝና ምነው ከሰል ተሸከምሽ አለችኝ። ገጽ አንድ ሦስት ጊዜ ተጣለብኝ። እንቅልፍ።

ሰኔ ፳፭፣ ቅዳሜ

አብዱሰመድ ዛሬ ጥሩ ተወረደበት። ጎኔ የሚቀመጠው ፊደል ለቃሚ ነው፣ የመርካቶ ልጅ፣ እጁ ከዓይኑ ይፈጥናል። የነደፈው ገጽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጽሑፍ ነበር፤ መርፌ የምታልፍበት ቦታ አልተወም። ሲኞር ይኼ ሁሉ ለምን ሲለው፣ ወረቀቱ ተከፍሎበታል፣ ባዶ ትቼ ምን ላድርገው አለ። እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ። እኛ ቤት የተረፈ ብራና ላይ እንኳን ጸሎት ይጻፍበታል።

ሲኞር ግን ጠረጴዛውን እየደበደበ አስተማረን። ለዓይን ማረፊያ ሜዳ ተዉለት። አንድ ገጽ፣ አንድ ትልቅ ሥዕል። ርዕሱ ከሦስት ቃል አይብለጥ። ማንበብ የማይችል ሰው መጀመሪያ ትልቁን ነገር ያያል፣ ሌላውን ይረሳል፤ ስለዚህ ትልቁ ምን እንደሚሆን የሚወስነው የገጹ ጌታ ነው። ይህችን በሁለቱም ደብተሮቼ ጻፍኳት። ጠላትም ቢሆን የተናገረው እውነት ከሆነ እውነት ነው።

ብጣሽ ወረቀቶቹ ዛሬ ከልደታ አውሮፕላን ሜዳ ተነሥተው ተበተኑ። «ሰላም ሆኗል፣ ግቡ» ይላሉ፤ ጌጡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ነፋሱ አብዛኛውን መልሶ መኮንኖቹ ምሳ የሚበሉበት ድንኳን ላይ ከመረው። እነሱም ገብተው ስለነበር ትእዛዙ ተፈጽሟል።

ሐምሌ ፬፣ ሰኞ

ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ፎቶግራፉ። የእኛ ምስማር የቀደደው ቀዳዳ እንኳን ከላዩ አለ።

ሲኞር ይህን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ አለኝ። ካፖርቱን አውቀዋለሁ ልለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። አላውቀውም አልኩ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የመጀመሪያው ማስታወቂያ ይኼ ነው። ሲኞር ፊቱ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ይፈልጋል፣ በየኬላው ያለ ዘበኛ እንዲያውቀው። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራሽ ነው ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ነገ እጽፋለሁ።

ሐምሌ ፮፣ ረቡዕ፣ ሌሊት

እናቴ ተኝታለች፤ ወይም የተኛች ትመስላለች። አልነገርኳትም።

ሥራውን እንደታዘዝኩት ልጻፍ። ፎቶግራፉ ቁመት ሙሉ ነው፤ ሰውየው ከጫማው እስከ ራሱ ቆሟል፣ ፊቱ የአተር ክክ ታህላለች። ስለዚህ ሁለት ናሙና አዘጋጀሁ። በመጀመሪያው ፊቱን ብቻ አጎላሁት። ትንሽ ነገር ሲጎላ ደግሞ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ይህንንም ያስተማረን ሲኞር ነው። ምናልባት የማጉያውን መነጽር በደንብ አላጠበቅሁትም ይሆናል። እኔ ተማሪ ነኝ፣ ጌታ አይደለሁም። የወጣው ፊት የሰው ይሁን የድንች አይለይም ነበር።

በሁለተኛው ናሙና ሰውየውን ከነቁመቱ ተውኩት። ካፖርቱ አማረ። ጠጉሩ ክር በክር ይታያል፣ ቁልፎቹ ይቆጠራሉ፣ ሰንሰለቱ ያብረቀርቃል። ለዓይን ማረፊያ ሜዳ በሁለቱም ጎን ተውኩለት። ከላይ በወፍራም ፊደል ሦስት ቃል አኖርኩ፤ «ባለ ካፖርቱ ይያዝ»። ስሙንና የተፈለገበትን ምክንያት ከታች፣ በደቃቁ ፊደል ጨመርኩ። በሕግ የሚፈለገውን አንዲት ነገር አላስቀረሁም።

ሲኞር ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ ቆየ። ፊቱስ አለኝ። እኔም ያልተማረ ሰው ከሩቅ የሚያውቀው ልብስን ነው፣ እርስዎም ትልቁ ነገር አንድ ይሁን ብለውናል አልኩት። ለሌሎቹ ተማሪዎች ገጹን አንሥቶ አሳያቸውና «ብራቫ» አለ። አብዱሰመድ ገጹን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ፊደሎቹን በጣም በትጋት መልቀም ጀመረ። የመርካቶ ሰው ካፖርት ያውቃል።

እኔ ያደረግሁት የተማርኩትን ብቻ ነው። ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ የተማርኩትን ብቻ። ታዲያ ለምን አልተኛም? እትዬ ታየች ናት ዓይኔ ላይ የምትመጣው፤ የአቶ ተክለጻድቅ ሚስት። አባቴ የሞተ ጊዜ ሰልስቱን ያበሰለችው እሷ ናት። ባሏ መናጢ ቢሆን እሷ ምን በደለችኝ? በሌላ በኩል ካፖርቱን ልበስ ብዬ የገዛሁለት እኔ አይደለሁም።

ሐምሌ ፲፪

አዲስ የመጣ መቶ አለቃ ገጹን አየው፣ ወደደው፣ ፈረመ። ካፒቴኑ ቢሆን አቶ ተክለጻድቅን በደንብ ያውቀዋል፤ ግን ወደ አምቦ ዘምቷል። ለአገራቸው ያብቃቸው።

እናቴ ዛሬ ድንገት ወሬ አመጣች። የልደታ ቆሎ ተማሪዎች ለፍልሰታ ሱባዔ ወደ መናገሻ ይወጣሉ፤ ነሐሴ አንድ ጧት፣ በሆለታ በር። ወልደ ሚካኤል የሚባለውም አብሮ ይሄዳል አለች። እኔ ምን አገባኝ አልኩ። እሷም እኔስ ምን አገባኝ አለች። ከዚያ ሁለታችንም እስኪመሽ የሽሮ አተር ለቀምን።

ሐምሌ ፲፱፣ ገብርኤል

በበዓል ቀን ማተም። ማረኝ። «ወሬኛው» ቁጥር አንድ ወጣች። ገጽ አንድ ላይ የአዲሱ ድልድይ ሥዕል፣ ገጽ አራት ላይ ስለ ጠፋች ላም ወሬ። ሰው ላሟን ወደዳት። ማስታወቂያው ተከምሮ ይደርቃል። ሁሉም ጥሩ ወጥቷል፤ ፊቱ የአተር ክክ፣ ካፖርቱ ካፖርት።

ሐምሌ ፳፭፣ ሰኞ

እኔ አላየሁም፤ አብዱሰመድ ነው ያየው። ሳይስቅ ሊነግረኝ ሞክሮ አልቻለም።

ማስታወቂያውን በየግድግዳው እንዲለጥፍ የታዘዘው አቶ ተክለጻድቅ ራሱ ነው። በጧት ሙጫውን በጣሳ፣ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ሰንጋ ተራ ወጣ። ዝናብ ስለነበር ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። አንዱን ለጥፎ በመዳፉ እያሸ ሲያስተካክል ሁለት አስካሪዎች ከኋላው ቆሙ፤ ከሩቅ አገር በቅርቡ የመጡ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች ናቸው፣ አማርኛም ሠፈሩንም አያውቁም። ግድግዳውን አዩ፣ እሱን አዩ፣ እንደገና ግድግዳውን አዩ። አንደኛው ሰንሰለቱን በጣቱ አንሥቶ ከሥዕሉ ሰንሰለት ጋር አስተያየ። አቶ ተክለጻድቅ የሚያደንቁለት መስሎት ደረቱን ነፋ።

ከዚያ ያዙት። ፎቶግራፉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ለመንግሥት የምሠራ ነኝ እያለ ሲጮህ ሰው ተሰበሰበ። ያን ሁሉ ጊዜ ያስፈራራው ሕዝብ ከቦ ቆሞ «አዎን፣ እሱ ነው፤ ካፖርቱን እናውቃለን» እያለ መሰከረበት። ይህም ውሸት አይደለም። ሙጫው በጣሳው እንዳለ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

እኔም ሳቅሁ። ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ማታ ወደ ቤት ስመጣ በእትዬ ታየች ደጅ አለፍኩ። በሩ ተዘግቷል፤ ከውስጥ ልጇ አባባ መቼ ይመጣል ይላል።

ሐምሌ ፳፯፣ ረቡዕ

እትዬ ታየች ቤታችን መጣች። ፊቷ አብጧል፤ እናቴ እግር ሥር ተቀመጠች። ስንቅ ስታደርስ ጀርባውን አይታዋለች፤ በአለንጋ ገርፈውታል። ካፒቴኑ እስኪመለስ የሚሰማው የለም፤ መቶ አለቃው ሽፍታ ያዝኩ ብሎ ደስ ብሎታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ኮከቤ፣ አንቺ ከጣልያኑ ጋር ትነጋገሪያለሽ። ካፖርቱ የአርመኑ ነው፣ አገር የተነሣበት ነው ብለሽ አንድ ቃል ንገሪልኝ። አንድ ቃል ብቻ።»

አንድ ቃል ብቻ። ነገ ብናገር ማስታወቂያውን ይቀድዳሉ፣ ሌላ ይሠራሉ፣ ፊት ያለበት። በየኬላው ያለው ዘበኛ ካፖርት መፈለጉን ትቶ የሰው ፊት ማየት ይጀምራል። እሑድ ጧት ደግሞ ተማሪዎቹ በሆለታ በር ያልፋሉ። ይህ እኔን አይመለከተኝም፤ ለሱባዔ የሚሄዱ ድሆች ናቸው።

«ሲኞር ጉንፋን ይዞታል፤ ሰኞ ሲገባ እነግረዋለሁ» አልኳት።

እጄን ሳመችው። እትዬ ታየች፣ የእኔን እጅ። ሲኞር ሪናልዲ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሲዘፍን ነው የዋለው።

ሐምሌ ፳፱

ከማተሚያ ቤት በጓሮ መንገድ መጣሁ። በእትዬ ታየች ደጅ እንዳላልፍ። በጭቃው ዞርኩ።

ነሐሴ ፩፣ እሑድ፣ የልደታ ቀን

እናቴ በሌሊት ወጥታ ረፋዱ ላይ ተመለሰች። እስክትናገር ድረስ ሽንኩርት ከተፍኩ፤ የምንሠራው ወጥ አልነበረም።

ተማሪዎቹን እስከ ኬላው ሸኘቻቸው። የባለ ካፖርቱ መያዝ ወሬ ገና ኬላው አልደረሰም፤ ዘበኛው ማስታወቂያውን ለጥፎ አጠገቡ ቆሟል። ጥሩ ልብስ የለበሰውን ሁሉ ያስቆማል፤ አንዱን የግሪክ ነጋዴ ካፖርቱን አስወልቆ ገልብጦ አየበት። ባለ ደበሎዎቹን ግን በእጁ ሂዱ ሂዱ አላቸው፣ ሽታውም ሳይሆን አይቀርም። አንደኛው ተማሪ እግሩን እየሳበ ሲያልፍ ዝናቡ ጀመረው። ዘበኛው አዘነለትና ከተከመረው «ወሬኛው» አንድ ቅጠል አንሥቶ የዝናብ መከለያ ሰጠው። ተማሪው እጅ ነሥቶ ጋዜጣውን አናቱ ላይ አድርጎ ሄደ።

«ዞር ብሎ አየኝ» አለች እናቴ። ቀጥላም «ማለቴ፣ ያ ተማሪ» አለች።

አለቀስኩ። ሽንኩርቱ ነው።

ነሐሴ ፪፣ ሰኞ

ለሲኞር ነገርኩት። ካፖርቱ የአርመኑ መሆኑን፣ የተያዘው ሰው ገዝቶት እንደሆነ፣ ከተማው ሁሉ በእሱ እንደተነሣ። ቀይ ሆነ፣ ነጭ ሆነ፣ ተቀመጠ። ይህን ታውቂ ነበር አለኝ። ትናንት በቤተ ክርስቲያን ሲወራ ሰማሁ አልኩት።

ነሐሴ ፬፣ ረቡዕ

ካፒቴኑ ተመለሰ። ነገሩን ለማጣራት አስካሪዎቹን ልደታ ልኮ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ በቅርጫት አስለቅሞ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። ሙሽራው በካፖርቱ፣ ዲያቆኑ በካፖርቱ፣ እድር ዳኛው በካፖርቱ። ካፒቴኑ አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን ያዘውና ዞር ብሎ አስተርጓሚያችንን አየው። አስተርጓሚውም በካፖርቱ ነበር፤ እጁን ሰንሰለቱ ላይ አድርጎ ነው የተነሣው።

አልሳቅሁም። ምላሴን ነክሼ ነው ያልሳቅሁት።

ካፒቴኑ ከዚያ መቀሴን አነሣ። የተያዘውን ካፖርት ከሥዕሉ ካፖርት ጋር ቁልፍ በቁልፍ ሊያስተያይ ፈልጎ የእኛን ፎቶግራፍ አንገቱ ላይ ቆረጠው። የካፖርቱን ቁራጭ ኪሱ ከተተ። የተቆረጠችው ፊት የወለሉ ጥራጊ ውስጥ ወደቀች። እኔ ጥራጊ ቅርጫቱን መድፋት አልረሳም፤ በዚህ ሥራ ላይ ከገባሁ ጀምሮ የእኔ ድርሻ ነው።

ነሐሴ ፯

አቶ ተክለጻድቅ ተፈታ። ካፖርቱ ለማስረጃ ቀረ። በሠፈሩ ውስጥ በጋቢ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ ሲሄድ አየሁት። ለካ ትንሽ ሰው ነው። ጎረቤቴ ማተሚያ ቤት ትሠራለች፣ እሷ ናት ብሎ ቢጮህ ካፒቴኑ አባረረው አሉ። ከእንግዲህ ማን ይስማው። ሕፃናቱ ሳይቀሩ «ባለ ካፖርቱ ይያዝ» እያሉ ይከተሉታል። ሦስት ቃል ማለት ይህን ያህል ነው።

«ወሬኛው» በቁጥር ሁለት ቀረች። ሲኞር ወደ አጣፊዎቹ ክፍል መለሰኝ። ለካፒቴኑ ግን ስለ እኔ ምንም አልተናገረም፤ ምክንያቱም ገጹን ያጸደቀው ራሱ ነው። ስወጣ ገጹን አንሥቶ «ጥሩ ገጽ ነበር» አለኝ። በምን ልቡ እንዳለው አላወቅሁም። ጥሩ ገጽ መሆኑን ግን አውቃለሁ።

ጳጉሜን ፫፣ ሩፋኤል

ዝናቡ ጠበል ነው ተብሎ ልጆቹ ሁሉ ራቁታቸውን ወጥተው ይጨፍራሉ። እኔ ከአንድ ቤት ታዛ ሥር ቆሜ ሳይ እትዬ ታየች መጣችና ከጎኔ ቆመች። ማምለጫ አልነበረኝም። ልጇ ከጭፈራው መሀል ነው። ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሣ ተናገረች።

«ሰኞ ያልሽኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።»

የነጠላዬን ጫፍ ጨመቅሁ።

«ያ ባለ ደበሎ የእኔም ደጅ መጥቶ ለምኗል። ድምፁን አወቅሁት፤ እናትሽ ገበያ ስትሄድ እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግሁት። ቁራሽ ሰጥቼ ሸኘሁት። ባሌ እቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ አልነገርኩትም።»

ልጇን ብርድ እንዳይመታው ና ብላ ጠራችው። አልመጣም።

«እኔ ለወንድምሽ ስል ዝም አልኩ። አንቺም በባሌ ላይ ዝም አልሽ። ዝምታችን ግን አንድ አይደለም፣ ኮከቤ።»

ነጠላዋን አጣፍታ በዝናቡ ውስጥ ሄደች። አፈርኩ። ይህን ያለ ቀልድ ነው የምጽፈው፣ አፈርኩ። ያ ረቡዕ ተመልሶ ቢመጣ ግን አሁንም የምላት ሰኞ ነው፤ ደግሞ የሚያሳፍረኝ ይኼኛው ነው።

መስከረም ፩ ቀን ፲፱፻፴፩፣ እሑድ

ጧት ከመናገሻ የመጣች እንጨት ሻጭ ደጃችን ቆመች። እናቴ ዋጋ ሳትከራከር ገዛቻት። ሸክሙ የታሰረው በጠፍር ነው፤ ከደበሎ የተቆረጠ፣ ከነጠጉሩ። ሴትዮዋ የላከኝ ሰው ደኅና ነው፣ እንኳን አደረሳችሁ ብሏል አለችና ሄደች። ከማን እንደሆነ አላወቅንም። መናገሻ ላይ በግ ብዙ ነው። እናቴ ጠፍሩን ፈትታ ከመቀነቷ ጋር ታጠቀችው።

ከዚያ የገብስ እንስራውን ከፈትኩ። ከዚህ ደብተር ሥር ያኖርኩትን አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። የአተር ክክ የምታህል ፊት፣ ከላይዋ የምስማር ቀዳዳ። እናቴ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አየችው፣ አቀረበችው፣ አራቀችው፣ ሳመችው። ምስማሩ ላይ አትሰቅለውም፤ ከማርያም ሥዕል ጀርባ ሸጎጠችው።

ከአንገቱ በታች ተቆርጦ እንደቀረ፣ ላድነው እንዳልቻልኩ ነገርኳት። ይቅርታ ማለቴ ነበር። ለየቱ እንደሆነ እኔም አላወቅሁም።

«ፊቱ ይበቃኛል፣ ልጄ» አለች። «ካፖርቱማ ድሮም የሰው ነው።»

ከዚያ አዲስ ዓመት ነውና ካበሰለችው በሳሕን ቀንሳ፣ በነጠላ ሸፍና፣ ለእትዬ ታየች አድርሺ ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችው።